ሁለት መድኃኒት በአንድ እሽግ፦ የኦአርኤስና የዚንክ ጥቅል ሲመዘን

ካርቶኗ ከእጅ መዳፍ ብዙም አትበልጥም። ውስጧ ኦአርኤስ፣ ማለትም ተቅማጥ ለያዘው ልጅ በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የግሉኮስ ዱቄት የያዙ ሁለት ከረጢቶች፣ ባለ 20 ሚሊግራም ዚንክ ክኒን አሥር ፍሬ፣ ሲገኝም በአራት የታጠፈ መመሪያ አለ። ፋርማሲ ውስጥ በተለያየ የንግድ ስም ይሸጣል፤ ጤና ኬላ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የምትሰጠውም ይኸንኑ ነው። ኦአርኤስ ሳይሉ በአንዱ የንግድ ስም ብቻ «ለምለም ስጪኝ» የሚሉ እናቶችም አሉ። እዚህ አንዱን ፋብሪካ ከሌላው አናወዳድርም፤ ቀመሩ አንድ ነውና። የምንመዝነው ዕቃውን ራሱን ነው፤ የታመመ የሕፃን አንጀት ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል፣ ቤት ከደረሰ በኋላስ የት ላይ ይበላሻል።

ፍርዱን ከፊት እናስቀድም። ዱቄቱ ግሩም ነው። ክኒኑ ደህና ነው፣ የሚወራለትን ያህል ግን አይደለም። የአንድ ሊትሩ ከረጢት አሠራር ግን በዚህ ዘመን ሰበብ የለውም።

ከዱቄቱ እንጀምር። ከረጢቱ ጀርባ ላይ ያሉት አራት መስመሮች ሲደመሩ 20.5 ግራም መምጣት አለባቸው፦ ግሉኮስ 13.5፣ ሶዲየም ክሎራይድ 2.6፣ ሶዲየም ሲትሬት 2.9፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 1.5። በአንድ ሊትር ውሃ ሲበጠበጥ በሊትር ሶዲየሙ 75 ሚሊሞል፣ ግሉኮሱም ልክ 75 ይሆናል፤ ጠቅላላ ኦዝሞላሪቲው፣ ማለትም በሊትር ውስጥ የሟሟው ነገር ሁሉ ብዛት፣ 245 ነው። ድምሩ 27.9 ግራም የሚመጣ ከረጢት ካጋጠመ ያ የድሮው ቀመር ነው፤ ግሉኮሱ 20 ግራም፣ ጨው 3.5፣ ኦዝሞላሪቲው 311። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አዲሱን የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን ምክንያቱም ቀላል አልነበረም። ሁለቱ ቀመሮች በሕፃናት ላይ በተወዳደሩባቸው ጥናቶች ቀለል ያለው ቀመር የሰገራውን ብዛት በ20 በመቶ፣ ትውከትን በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ፈሳሽ በደም ሥር የማስቀጠሉን ነገር ደግሞ በሲሶ።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንጀት ግድግዳ ላይ ያለችውን አንዲት በር ማወቅ ይበቃል። ኤስጂኤልቲ1 ትባላለች። ግሉኮስ በዚህች በር ብቻውን አያልፍም፤ ሁለት ሶዲየም አስከትሎ ሲመጣ ግን አብረው ይገባሉ፣ ውሃውም ይከተላቸዋል። የባዮኬሚስትሪ ሊቁ ሮበርት ክሬን ይህን ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960 ፕራግ ላይ ነበር። ለሕክምና ትልቅ ትርጉም የኖረው ግን የኮሌራ መርዝ አንጀቱን ውሃ እንዲያፈስ ሲያደርገው ይህችን በር እንደማይነካት ሲታወቅ ነው። የሕፃናት ተቅማጥ በሚያመጣው በሮታቫይረስ ነገሩ ትንሽ ይከብዳል፤ ቫይረሱ የአንጀቱን ጣት መሰል ጫፎች ራሱ ያረግፋቸዋል። ሆኖም ጉዳቱ እንደ ዝንጉርጉር ጨርቅ እዚህም እዚያም ነው እንጂ ሙሉ አይደለም፤ የተረፈው ቦታ መምጠጡን ይቀጥላል። ስለዚህ ኦአርኤስ በሮታም ይሠራል።

ኦአርኤስ እ.ኤ.አ. በ1968 ዳካ ላይ በኮሌራ ሕመምተኞች ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ባንጋኦን በተባለው የሕንድ የስደተኞች ሰፈር በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅበት በከረጢት የተመዘነውን ጨውና ግሉኮስ በውሃ እየበጠበጠ ለቤተሰቦች አደለ። በእርሱ ሥር የነበሩት ሕመምተኞች ሞት ከ4 በመቶ በታች ወረደ፤ ያለ ኦአርኤስ ግን ከ20 እስከ 30 በመቶ ይሞት ነበር። ልብ በሉ፣ የሚያጠጡት ነርሶች ሳይሆኑ ዘመዶች ነበሩ። የዛሬው ከረጢት የዚያ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታው። «ሰጠሁት፣ ተቅማጡ አልቆመም፣ አይሠራም» የሚለው አስተያየት በየሱቁ ይሰማል። ኦአርኤስ ተቅማጥ አያቆምም። ሥራው የወጣውን ውሃና ጨው መተካት ነው፤ በሽታው በራሱ ጊዜ ሲያልፍ ልጁ እንዳይደርቅ። ተቅማጡ እስኪቆም የሚጠብቅ ሰው ሁለተኛው ቀን ላይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ይህን አንድ አረፍተ ነገር በትልልቅ የአማርኛ ፊደል ካርቶኑ ፊት ላይ ማተም ምን ይከብዳል? አንዳንድ ከውጭ የሚገቡ እሽጎች ግን ፊታቸው ላይ የሚደነቅ ሥዕል፣ ጀርባቸው ላይ በእንግሊዝኛ የደቀቀ ጽሑፍ ይዘው ነው የሚመጡት።

ከሁሉ የሚብሰው ጉድለት ግን ሊትሩ ነው። ከረጢቱ ለአንድ ሊትር ውሃ ተብሎ ተመዝኗል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የሊትር መለኪያ የለም። ያለው ሃይላንድ ነው። ሃይላንድ ግን ባለ ግማሽ ሊትርም፣ ባለ አንድ ሊትርም፣ ባለ ሁለት ሊትርም አለ። አንድ ከረጢት ባለ ግማሹ ላይ ከተገለበጠ ሶዲየሙ 150፣ ኦዝሞላሪቲው 490 ይሆናል። ደም 290 አካባቢ ስለሆነ ውሃው ከአንጀት ወደ ደም በመግባት ፈንታ ከደም ወደ አንጀት ይወጣል፤ ተቅማጡ ይብሳል፣ ልጁ ይጠማል፣ ያንኑ ከባድ ብጥብጥ ሲደግሙለት በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይጨምራል፣ እስከ መንቀጥቀጥም ሊያደርሰው ይችላል። ባለ ሁለቱ ላይ ከተገለበጠ ደግሞ ሁሉም ነገር በግማሽ ቀጥኗል፤ ውሃ ይጠጣል እንጂ ጨው አይተካም። ከረጢቱን በግማሽ እየከፈሉ መበጥበጥም መፍትሔ አይደለም፤ አራቱ ዱቄቶች በጉዞ ላይ ከታች ወደ ላይ ስለሚለያዩ ግማሹ ግማሽ አይሆንም።

የሚሻለው መንገድ እንዲህ ነው። የሃይላንዱ መለያ ላይ «1 ሊትር» ወይም «1000 ሚሊ» የሚል መኖሩን አይቶ ባዶውን ማጠብ፤ ውሃ አፍልቶ ሙሉ በሙሉ ማቀዝቀዝ፤ ጠርሙሱን ውሃው መጀመሪያ ይቆምበት እስከነበረው ቦታ፣ ማለትም አንገቱ ሥር፣ መሙላት፤ ከዚያ ትንሽ አጉድሎ በንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥ፤ ዱቄቱን ሙሉ ገልብጦ ያጎደሉትን መመለስና እስኪጠራ መነቅነቅ። የተበጠበጠውን መልሶ ማፍላት አይገባም፤ ውሃው ይተናል፣ ጨውና ስኳሩ ይቀራል። ስኳር አይጨመርበትም፣ በለስላሳ ወይም በጁስ አይበጠበጥም። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ልጁ ከመጠጣቱ በፊት አዋቂ ይቅመሰው፤ ከእንባ የሚበልጥ ጨው ካለው የሆነ ነገር ተዛብቷል።

ዛምቢያ ውስጥ ይህን ችግር የፈታ እሽግ አለ፤ ኪት ያሞዮ ይባላል። ከረጢቶቹ ለ200 ሚሊ የተመዘኑ ናቸው፣ ዕቃው ራሱ መለኪያም መጠጫም ነው። ጥናት ሲደረግበት በትክክል የበጠበጡት 93 በመቶ ሆኑ፤ የአንድ ሊትሩን ከረጢት ከተጠቀሙት ግን 60 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሕፃን በቀን ሊትር የማይጨርስ ስለሆነ በትንሹ መበጥበጡ ብክነትንም ይቀንሳል። ኦአርኤስና ዚንክን በአንድ እሽግ ማድረግ እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። መጠኑን ማሳነስ ግን እስካሁን የአምራቹ ፈቃድ ነው። ገበያ ላይ ባለ 200 ወይም ባለ 500 ሚሊ ከረጢት ያለው ከተገኘ፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም የሚመረጠው እርሱ ነው፤ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን ማንበብ ግን አይረሳ።

አጠጣጡ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጡጦ ወይም በብርጭቆ ቶሎ ቶሎ በማስጎንጨት ነው። ሆዱ ይወጠራል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ «አልያዘለትም» ይባላል። ትንሽ ስሌት እዚህ ጠቃሚ ናት። ልጁ 8 ኪሎ ነው እንበል፤ ዓይኑ ጎድጎድ ብሏል፣ ይነጫነጫል፣ ሆዱ ላይ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቀስ ብሎ ይመለሳል። በሕክምና መመሪያው መሠረት ለኪሎ 75 ሚሊ፣ ማለትም 600 ሚሊ፣ በአራት ሰዓት ውስጥ መጠጣት አለበት። ይህ በሰዓት 150 ሚሊ ነው፤ በየሁለት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት። ከዚያ አይበልጥም። ማንኪያ አንድ፣ ሁለት ደቂቃ ጥበቃ፣ እንደገና ማንኪያ። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቆ በበለጠ ዝግታ መቀጠል ነው። ቢያስመልሰውም ካጠጡት የሚበዛው ሆዱ ውስጥ ይቀራል፤ የወጣው ወለል ላይ ሲታይ ከእውነቱ ይልቅ የበዛ ይመስላል። ከፋርማሲ የሚገዛ መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ስሪንጅ ከማንኪያ ይሻላል፤ በጉንጭ በኩል 5 ሚሊ 5 ሚሊ እያደረጉ መስጠት ይቻላል። ጡት መቼም አይቋረጥም።

ያልደረቀ፣ ገና ተቅማጥ የጀመረው ልጅ ግን ይህን ያህል አያስፈልገውም። ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ ከእያንዳንዱ ቀጭን ሰገራ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ነው። የቡና ሲኒ ለዚህ ይመቻል፤ ሲኒ ከሲኒ ስለሚለያይ ግን አንዴ በስሪንጁ ለክቶ ማወቅ ነው። የደረቀ ልጅ እየተስገበገበ ይጠጣል፤ በቂውን ያገኘ ልጅ ግን «ጨው ጨው ይላል» ብሎ ይተወዋል። ያ እምቢታ አብዛኛውን ጊዜ መልካም ዜና ነው።

ወደ ዚንኩ እንምጣ። ክኒኑ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ዓይነት ነው፤ የሻይ ማንኪያ ላይ አድርጎ ውሃ ወይም የታለበ የእናት ጡት ወተት ጠብ ሲያደርጉበት በደቂቃ ውስጥ ሊፈርስ ይገባል። ከዚያ በላይ የሚቆይ፣ ወይም እንደ ጠጠር አሸዋ የሚቀር ከሆነ የእርጥበት ጉዳት አለበት። ከስድስት ወር በላይ ላለው በቀን አንድ፣ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ላለው ግማሽ፤ ለአሥር ቀን። አሥሩ ቀን የሚለው ላይ ነው ሰው የሚያጥረው። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም ስድስት ሰባት ክኒን ለቀጣይ ጊዜ ተብሎ ይቀመጣል፤ የዚንኩ ትርፍ አንዱ ግን በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ወራት ውስጥ ተቅማጥ እንዳይደጋገም ማገዙ ነው፤ ያ ትርፍ ያለ ቀሪዎቹ ክኒኖች አይገኝም።

ምን ያህል ይረዳል? በልክ እንናገር። ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ ከስድስት ወር በላይ ያሉ ሕፃናትን ተቅማጥ በአማካይ በግማሽ ቀን ገደማ ያሳጥረዋል፤ በምግብ እጥረት በተጎዱት ላይ አንድ ቀን ያህል። ከስድስት ወር በታች ባሉት ላይ ግን ያን ያህል ጥቅም አልታየም። ትውከትን ደግሞ ይጨምራል። ሕንድና ታንዛኒያ ውስጥ በ4,500 ሕፃናት ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ሙከራ 20፣ 10 እና 5 ሚሊግራም አወዳድሮ ነበር፤ ክኒኑን በወሰዱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያስመለሳቸው በቅደም ተከተል 19.3፣ 15.6 እና 13.7 በመቶ ነበሩ፤ ትንሹ መጠን ተቅማጡን በመቀነስ ረገድ ከትልቁ አላነሰም። ስለዚህ 20 ሚሊግራሙን የሚያስመልሰው ልጅ ቢኖር ጤና ባለሙያ ጠይቆ መጠኑን ማሳነስ ምክንያት አለው። ክኒኑ የብረት ጣዕም አለው፤ ከጣፋጩ በስተጀርባ ምላስ ላይ ይቀራል። ባዶ ሆድ ላይ የበለጠ ያቅለሸልሻል።

ነገር ግን የገብስ፣ የስንዴ ወይም የበቆሎ አጥሚት ላይ ደባልቆ መስጠትም አይመከርም። በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት ዚንኩን ይይዘዋል፤ ክኒኑ ሰገራ ሆኖ ይወጣል። ጡት ከጠባ በኋላ መስጠት ሁለቱንም ያስታርቃል። የብረት ሽሮፕ የሚወስድ ልጅ ካለም ሁለቱ በአንድ በር ስለሚጋፉ ጠዋትና ማታ ለይቶ መስጠት ይሻላል።

ከአንጀት ወደ ደም የመግባት ጉዳይ ከሁሉ የሚከብደው ግን አንቲባዮቲክ ሲጨመር ነው። ተራ ውሃማ ተቅማጥ አንቲባዮቲክ አይፈልግም፤ «ለማንኛውም» እየተባለ የሚጨመረው ፍላጂል ልጁን ከማቅለሽለሽ በቀር ለሮታቫይረስ ምንም አያደርግም። ሰገራው ላይ ደም ሲታይ ግን ሺጌላ የተባለው ባክቴሪያ ይጠረጠራል፤ ያኔ መድኃኒት ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በተፈጥሮው የሚገምተው ስህተት አለ፦ «በሽታው አንጀት ውስጥ ስለሆነ፣ አንጀት ውስጥ የሚቀር መድኃኒት ይሻላል።» እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዳላስ፣ ቴክሳስ ውስጥ ሐኪሞቹ ሃልታሊን፣ ኔልሰንና ባልደረቦቻቸው ሺጌላ የያዛቸውን ሕፃናት በሁለት ከፍለው ለአንዱ ወገን ወደ ደም የሚገባውን አምፒሲሊን፣ ለሌላው ከአንጀት የማይወጣውን ኒዮማይሲን ሰጡ። ያሸነፈው አምፒሲሊን ነው። ሺጌላ የሚኖረው በሰገራው ውስጥ ብቻ አይደለም፤ የትልቁን አንጀት ግድግዳ ሰርስሮ ይገባል፤ እዚያ የሚደርሰው በደም የመጣ መድኃኒት ነው። ነገሩ በዚህ አላበቃም። አሞክሲሲሊን ከአምፒሲሊን በተሻለ ወደ ደም ይገባል፤ ታዲያ ይበልጣል ተብሎ ሲጠበቅ እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ደካማ ሆኖ አገኙት፤ ባክቴሪያውን የመግደል አቅሙ ራሱ ያነሰ ነበርና። መድኃኒት ደም ውስጥ መግባቱ አንድ ነገር ነው፤ ገብቶ መሥራቱ ሌላ። ዛሬ ሺጌላ ሁለቱንም በአብዛኛው ተላምዷቸዋል፤ «ቤት የቀረ አሞክሲሲሊን አለኝ» የሚለው ነገር በሁለት ምክንያት አይሠራም።

በሕክምና መመሪያው ለደም ተቅማጥ ቀድሞ የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) ነው፤ ለኪሎ 15 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን። ከእሽጋችን ጋር የሚጋጨውም እዚህ ነው። ዚንክ ሲፕሮን ሆድ ውስጥ ይዞ ወደማይመጠጥ ነገር ይለውጠዋል፤ ወተትና እርጎም ሲሶ ገደማውን ያስቀሩታል። ሁለቱን በአንድ ማንኪያ ላይ አድርጎ «በአንዴ ላጠጣው» ማለት ለሺጌላው ውለታ ነው። ሲፕሮው ከዚንክ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ፣ ወይም ስድስት ሰዓት ቆይቶ መሰጠት አለበት። በእኛ ሰዓት ሲቀመጥ ቀላል ነው፦ ሲፕሮ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ዚንክ ረፋዱ 4 ሰዓት፣ ሲፕሮ ማታ 1 ሰዓት። ኦአርኤሱን በመካከል በፈለጉት ጊዜ። ይህ ሰሌዳ ካርቶኑ ላይ የለም፤ አዟዡ ካልነገረም አንብቦ የሚያገኘው የለም።

ይህ እሽግ የማይሆንለት ልጅ አለ። በከፋ የምግብ እጥረት የከሳ ወይም እግሩ ያበጠ ሕፃን ሲያስቀምጠው ተራው ኦአርኤስ ሶዲየሙ ይበዛበታል፣ ፖታሲየሙ ያንሰዋል፤ ልቡ ላይ ውሃ ሊጭን ይችላል። ለእርሱ የተሠራው ሬዞማል የተባለ ሌላ ብጥብጥ ነው፤ ሶዲየሙ 45፣ ፖታሲየሙ 40፤ የሚሰጠውም ጤና ተቋም ውስጥ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በየግማሽ ሰዓቱ ለኪሎ 5 ሚሊ እየተባለ ነው። ኮሌራ ወይም አተት ከሆነ ግን ለእነዚህም ልጆች ተራው ኦአርኤስ ይመረጣል፤ የሚወጣው ጨው ብዙ ነውና። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ሁሉን ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ ወይም ከተንቀጠቀጠ፣ የተቆነጠጠው ቆዳ ከሁለት ሴኮንድ በላይ ከቆየ፣ ሰገራው ላይ ደም ካለ ደግሞ ማንኪያ እየቆጠሩ ቤት መዋል አይገባም፤ መንገድ ላይ እያጠጡ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ሲገዛ የሚታዩ ሦስት ነገሮች አሉ። ከረጢቱን በጣት መዳሰስ፦ ዱቄቱ የሚንሸራተት መሆን አለበት። ትንሽ ተጋግሮ ግን በመጫን የሚፈርስና ነጭ የሆነው ውሃ ውስጥ ከሟሟ ይሠራል፤ ድንጋይ የሆነ ወይም ወደ ቡናማነት የሄደ አይወሰድም። የክኒኑን ማሸጊያ (ብሊስተሩን) ጀርባ ማየት፦ ፎይሉ የተበሳ ወይም የተላጠ ክኒን ካለ እርጥበት ገብቶበታል። በመጨረሻም የውሃ መጠን የሚለውን መፈለግ፦ «1 ሊትር» ካለ ቤት ያለውን ሃይላንድ አስታውሶ፣ ባለ ሁለት ሊትር ብቻ ከሆነ ከእሽጉ ጋር አንድ ባለ አንድ ሊትር ውሃ አብሮ መግዛት።